የሲፒ ፏፏቴና የእኛ «ቀንስ»

ማላባ ላይ ዕቃ ሲያዝ ሁለትና ሦስት ቀን መቀመጥ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። ወረቀቱ እስኪያልቅ አልጋ ይዘን፣ ሻይ በላይ በላዩ እየጠጣን፣ ስልክ እየነካካን እንውላለን። ባለፈው ግን አራት ሆነን ወደ ዩጋንዳ ተሻገርንና በቶሮሮ አድርገን ምባሌ ገባን። ከዚያ ወደ ካፕቾርዋ የሚወስደው አስፋልት የኤልጎንን ተራራ ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ሲፒ እዚያ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ደስ አለን፤ ከሩቅ ሙዙን እንሰት ያልንም ነበርን።

ፏፏቴዎቹ ሦስት ናቸው። የታችኛውና ረጅሙ 100 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከላይ ሆኖ ማየት ቀላል ነው፤ ሥሩ ለመድረስ ግን በገበሬው ቡናና ሙዝ መሀል ቁልቁለቱን በእግር መውረድ ያስፈልጋል።

አንድ የአካባቢው ልጅ «ልምራችሁ» ብሎ ዋጋ ጠራ። እኛም እንደ ልማዳችን ግማሹን አልነው። ትንሽ ቀነሰ፤ አሁንም «ቀንስ» አልን። በመጨረሻ «መንገዱ ይታይ የለ!» ብለን ትተነው ሄድን።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ መንገዱ ቡናው ውስጥ ሲገባ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ የገበያ ጫማውን እንዳደረገ ነበር። አዳለጠውና በጀርባው ተንሸራቶ የቡና ግንድ ያዘው። ከግንዱ በታች ገደል ነው። እግሩ አበጠ፣ መርገጥ አቃተው። ጮኸን ስንጣራ የደረሰልን ያው የመለስነው ልጅ ነው። ጓደኛውን ጠርቶ ተሸክመው አወጡት። የጠየቀንም መጀመሪያ የጠራውን ዋጋ ብቻ ነው። የተከራከርንበት ገንዘብ ለአራት ሰው ምሳ አይበቃም ነበር።

«የውጭ ሰው ሲያዩ ዋጋ ይሰቅላሉ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይሰቅላሉ፤ እኛስ ሱቃችን ውስጥ አናደርገውም? ደግሞ መፍትሔ አለው። ያደርንበት ቤት የተለመደውን ዋጋ መጠየቅ፣ ስንቱን ፏፏቴ እንደሚያሳይና ለባለ መሬቱ የሚከፈለው ተጨምሮ እንደሆነ ሳይነሱ መነጋገር ነው። ዋጋው ተገቢ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን «ቀንስ» ማለት በራስ እግር መቆመር ነው። የምንከፍለው ለወሬ አይደለም፤ አፈሩን ለሚያውቅ ሰው ነው። ይኸው ተራራ እ.ኤ.አ. በ2010 ቡዱዳ ላይ ተንዶ ብዙ ሰው ቀብሯል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝናብ መሪው «ዛሬ ታችኛው አይሆንም» ካለ አይሆንም።

ጢስ ዓባይ ላይ እንግዳ የሚመሩ የእኛው ልጆች አሉ። ፈረንጅ ሳንቲም ሲቆጥርባቸው ብናይ ምን እንደምንል እናውቀዋለን።

የዕቃ መግዣ ገንዘብ በወገብ ታስሮ ቁልቁለት አይወረድም፤ ይኼንንም ያየነው እዚያው ነው፣ ዝርዝሩ ይቅር።

ማታ የልጁ እናት ቡና በሙቀጫ ወቅጠው አፈሉልን። ከእኛ ትንሽ ቀጠን ይላል። እግሩ የተጎዳው ወንድማችን አሁን ድኗል፤ «ሦስቱንም ሳላይ ነው የተመለስኩት» እያለ ዕቃ የሚያዝበትን ቀን ይጠብቃል።