የባህል ማዕከል ሲዘጋ ምን ይጎድላል?

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙት የባህል ማዕከላት አስተዳዳሪዎች በበጎ ፈቃዳቸው የከፈቷቸው አይደሉም። ተማሪዎች ታግለው ያስገኟቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የዜጎች መብት ሕግና በዓመቱ የተከተለው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው ነጮች ይማሩበት የነበረውን የብዙ ዩኒቨርሲቲ በር ለጥቁር ወጣቶች ይበልጥ ከፈቱ። የገቡት ተማሪዎች ግን ጥቂት ነበሩ። ጥቁር መምህር ከስንት አንድ ነበር፤ ኮርሶቹም የሕዝባቸውን ታሪክ እምብዛም አያነሱም። ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ሲገደል የታመቀው ጥያቄ ገንፍሎ ወጣ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሜይ 20፣ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ተማሪዎች ኅብረት አባላት የፕሬዚዳንቱን የቻርልስ ኦዴጋርድን ቢሮ ይዘው ተቀመጡ። ከዚህ የተነሣ የአናሳ ብሔረሰቦችን ጉዳይ የሚከታተል ክፍል ተቋቋመ፤ ሳሙኤል ኬሊም ክፍሉን በምክትል ፕሬዚዳንትነት እንዲመራ ተሾመ። በ2013 እንደ አዲስ ተሠርቶ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲው የባህል ማዕከል የኬሊን ስም ይዟል። በዚያው በሜይ 1968 ኢንዲያና ውስጥ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ጡብ ይዘው ወደ አስተዳደሩ ሕንጻ ተጓዙ፤ ጡቦቹንም ደረጃው ላይ ደረደሯቸው። የፐርዱ የጥቁር ባህል ማዕከል በ1969 የተመሠረተው ከዚህ ሰልፍ በኋላ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ላይ ደግሞ ከኖቬምበር 1968 ጀምሮ አምስት ወር ያህል የቆየ የተማሪዎች አድማ ተካሂዶ የብሔረሰቦች ጥናት ኮሌጅ እንዲከፈት አስገደደ። ዬል በ1969፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1971 የየራሳቸውን ማዕከል አቋቋሙ። የላቲኖ፣ የእስያና የቀደምት አሜሪካውያን ተማሪዎች ማዕከላትም በየተራ ተከተሉ።

ማዕከሎቹን ከውጭ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በበዓሉ፣ በምግቡና በጭፈራው ላይ ነው። እርግጥ ይህም አለ፤ የፐርዱ ማዕከል የራሱ የመዝሙር ጓድ፣ የውዝዋዜ ቡድንና የጸሐፊዎች ክበብ አለው። የራሱ ቤተ መጻሕፍትም አለው። ዋናው ሥራ ግን ጸጥ ያለ ነው። ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ሰው የሆነ አዲስ ተማሪ የፋይናንሻል ኤይድ ፎርሙ አንድ ሰነድ ጎደለው ተብሎ ምዝገባው ይታገዳል። ወላጆቹ ምን ማድረግ እንዳለበት ሊነግሩት አይችሉም፤ ቢሮዎቹ እየተቀባበሉ ይመልሱታል፤ በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ማሰብ ይጀምራል። ማዕከሉ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ግን የትኛው ቢሮ የትኛውን ፊርማ እንደሚሰጥ ያውቃል፤ ስልክ ያነሣል፤ ጉዳዩ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ትምህርታቸውን የሚያቋርጡ ተማሪዎች ሁሉ ችሎታ አንሷቸው አይደለም የሚሄዱት። ብዙዎቹ ከግቢው ጋር የሚያገናኛቸው ሰው በማጣት ነው፤ ማዕከላቱም በትክክል የሚሠሩት እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ለዚህ ነው የአንድ ማዕከል ትልቁ ሀብት ደመወዝ የሚከፈለው ቋሚ ሠራተኛ ነው ማለት የሚቻለው። የተማሪ ማኅበር መሪዎች በየዓመቱ ይለወጣሉ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ደግሞ ማኅበሩን የሚያውቅ ሁሉ ተመርቆ ይወጣል። የበጀት አጠያየቁ፣ ከምግብ ቤቱ ጋር የተደረሰው ስምምነት፣ ማን ለተማሪ እንደሚያዝን ማን እንደማያዝን የተጠራቀመው ዕውቀት አብሯቸው ይሄዳል። አንቶኒዮ ዛሞራ የፐርዱን ማዕከል ከሃያ ዓመት በላይ ሲመራ ያ ዕውቀት በአንድ ቦታ ቆየ።

ነገሩ ለሐበሻ ቤተሰቦች ሩቅ አይደለም። ከ1980ው የስደተኞች ሕግና በኋላም በዲቪ ወደ አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ልጆች ዛሬ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሲያትልና በዳላስ አካባቢ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይማራሉ። ቤት ውስጥ አማርኛ ወይም ትግርኛ ሲነገር ያደገች ልጅ የዩኒቨርሲቲውን ቅጽ ስትሞላ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ ሆኖም አያቷ ከአላባማ ከመጣ ጓደኛዋ የሚለያት ታሪክ አለ። ሁለቱ ሳይሸማቀቁ ስለዚህ ልዩነት የሚነጋገሩበት ቦታ ብዙ አይደለም። በየግቢው የተቋቋሙት የኢትዮጵያና የኤርትራ ተማሪዎች ማኅበራትም ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት አዳራሽ ሲፈልጉ፣ በጀት ሲቸግራቸው፣ ይህን መሰል የግቢ አገልግሎት ደጅ ይጠናሉ።

በማዕከላቱ ላይ የሚቀርበው ጠንካራ ትችት ተማሪዎችን በየዘራቸው ያጥራሉ የሚለው ነው። ትችቱ ሊናቅ አይገባም። ለአንድ ወገን ብቻ የተዘጋ ማዕከል የተመሠረተበትን ዓላማ ይስታል፤ በዓመት አንድ ቀን ምግብና ልብስ ለማሳየት ብቻ የሚከፈት ማዕከልም የሚረባው ለዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ እንጂ ለተማሪው አይደለም። ይሁንና ያው ተማሪ ቀኑን ሙሉ ከሁሉም ጋር በክፍል፣ በላቦራቶሪና በዶርም ይውላል። ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ማዕከሉ ውስጥ መቀመጡ ከሌላው አይነጥለውም፤ ይልቁንም ግቢውን ለቆ እንዳይሄድ ያደርገዋል።

ሕግ አውጪዎች ግን ትችቱን ወደ ክልከላ ወስደውታል። ቴክሳስ በ2023 ያወጣው ኤስ.ቢ. 17 የተባለ ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የብዝኃነትና የአካታችነት ቢሮዎችን ከለከለ፤ በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲም የመድብለ ባህል ማዕከሉን ዘጋ። በዩታ ኤች.ቢ. 261 በጁላይ 2024 ተግባራዊ ሲሆን፣ የዩታ ዩኒቨርሲቲ በ2019 የከፈተውን የጥቁር ባህል ማዕከል ከሴቶች ማዕከሉ ጋር ዘግቶ ሥራውን ለሁሉም ተማሪዎች ወደሚሆኑ አጠቃላይ ማዕከላት አዛወረ። በፌብሩዋሪ 2025 የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ዘርን መሠረት ያደረገ ፕሮግራም ያላቸውን ተቋማት ገንዘብ እንደሚከለክል በደብዳቤ አስጠነቀቀ። በኦገስት ሜሪላንድ ያለች የፌዴራል ዳኛ ደብዳቤውን ውድቅ አደረገች፤ የክፍለ ግዛቶቹ ሕጎች ግን በቦታቸው አሉ።

የቴክሳሱ ሕግ የተማሪ ማኅበራትን ከክልከላው ውጭ ያደርጋል። ደጋፊዎቹም ምንም አልተነካም የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። የተነካው ግን ሠራተኛው ነው፤ ማኅበሩ ባለበት ቢቆይም መዝገቡን፣ ልምዱንና ደመወዝ የሚከፈለውን ሠራተኛ አጥቷል። በኦስቲን ቀድሞ ማዕከሉ ያግዛቸው የነበሩትን የምረቃ በዓላት ተማሪዎችና የቀድሞ ምሩቃን ገንዘብ አሰባስበው ማዘጋጀት ነበረባቸው። አጠቃላይ ማዕከል ለማስጠናት ሊበቃ ይችላል፤ ቸግሮት ዝም ያለውን ተማሪ ፈልጎ ለማግኘት ግን ተማሪው የሚያምነው ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሕግ በጸናባቸው ግዛቶች አንዳንዱን ሥራ ከግቢ ውጭ ያሉ ቤተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የኮሙኒቲ ማኅበራት ሊሸከሙት ይችላሉ፤ አዳራሽ ይሰጣሉ፣ ለመጽሐፍ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስጠናሉ። የታገደውን ምዝገባ ማስፈታት ግን በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሠራ ሰው ይጠይቃል።