ቮልስዋገን ከፋብሪካ ስትወጣ ምን ጎድሏት ነበር?

«ብልህ ከሰው ይማራል፤ ሞኝ ከራሱ ይማራል» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ዛሬ የምጽፈውን ነገር የተማርሁት ከራሴ ስለ ሆነ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆንሁ አንባቢ ይፈርድብኛል። ነገር ግን ጓደኞቼ ከእኔ ተምረው ብልሆች እንዲባሉ በማሰብ ይህችን አጭር ጽሑፍ ለመጽሔታችን አቅርቤአለሁ።

ቤታችን ቦሌ ሚካኤል ነው። በግቢያችን ውስጥ አያቴ በ1953 ዓ.ም. አዲስ ሳለች የገዟት አንዲት ቮልስዋገን አለች። አያቴ ካረፉ በኋላ ለአባቴ ተላለፈች፤ እነሆ እስከ ዛሬ ትሠራለች። ስለ ቮልስ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። መምህሩም፣ ሐኪሙም፣ ጸሐፊውም ነድተዋታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑን ታላላቆቻችን ዘወትር ያወሩታል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻይቱም ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው በ1995 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ነው። እንግዲህ ይህችን የመሰለች መኪና «ጎደሎ ነበረባት» ብዬ ስነሣ የሚቆጣኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው እንዲያነብብልኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ክረምት፣ በሐምሌ ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ እናቴን አስም ተነሣባቸው። አባቴ ቮልሷን አስነሡ፤ እኔም እናቴን ደግፌ ከኋላ ተቀመጥሁ። ዝናቡ ይወርድ ነበር። ቀለበት መንገዱ ጋ ሳንደርስ የሞተሩ ድምፅ ይቆራረጥ ጀመር፤ ወዲያውም ጠፋ። አባቴ እግራቸውን ሰደው ከፊት ለፊታቸው በታች በኩል ያለችውን የቤንዚን መክፈቻ ፈለጉ። መክፈቻዋ ግን ቀድሞውኑ በመጠባበቂያው ላይ ነበረች።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማያውቁ ላስረዳ። በዚያን ጊዜ በተሠሩት ቮልሶች ላይ የቤንዚን መለኪያ አልነበረም። በመለኪያ ፈንታ ሦስት ቦታ የምትዞር አንዲት መክፈቻ ነበረች፤ አንዱ ክፍት፣ አንዱ ዝግ፣ አንዱ መጠባበቂያ ነው። ቤንዚኑ ሲያልቅና ሞተሩ ሲቆራረጥ ነጂው መክፈቻዋን ወደ መጠባበቂያው ያዞራታል፤ ያን ጊዜ በሰርባቶዮው ግርጌ የቀረው 5 ሊትር ያህል ቤንዚን ይለቀቅለትና እስከ ማደያ ያደርሰዋል። ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ ግን መክፈቻዋን ወደ ቦታዋ መመለስ ግድ ነው። ካልተመለሰች መጠባበቂያው ከሌላው ጋር አብሮ ያልቃል፤ ነጂውም ምንም ማስጠንቀቂያ አያገኝም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቤንዚን ያስቀዳሁት እኔ ነበርሁ። መክፈቻዋን መመለስ ረስቼ ነበር።

በዝናቡ ውስጥ የቆየነው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ለእኔ ግን ሌሊቱን በሙሉ የቆምን መሰለኝ። በመጨረሻ አንድ ደግ የታክሲ ሹፌር አቁሞ አሳፈረን። እናቴ እግዚአብሔር ይመስገን ተሻላቸው። አባቴ አልተቆጡኝም፤ ባለ መቆጣታቸውም ነገሩ ይልቁን ከበደኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም ላይ አላላክክም። ነገር ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከሐሳቤ አልወጣም፤ ይኸውም «መሣሪያ የሚሠራ ሰው የሚሠራው ለማይረሳ ሰው ነውን?» የሚል ነው። የማይረሳ ሰው በምድር ላይ የለም። እንግዲህ ጥሩ መሣሪያ ማለት የሰውን መርሳት አስቀድሞ አስቦ ይቅር የሚል መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ። ፋብሪካውም ይህንን ሳያስተውል አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ሥሪት ጀምሮ በደኅናው ዓይነት ላይ የቤንዚን መለኪያ ገባበት። የእኛይቱ ግን አንድ ዓመት ቀድማ ተወልዳለች።

ከዚህ በኋላ በሰፈራችን የሚገኙትን የቮልስ ባለቤቶችና ሁለት መካኒኮች «መኪናችሁ ከፋብሪካ ስትወጣ ምን ቢኖራት ትወዱ ነበር?» እያልሁ ጠየቅሁ። እጅግ የሚፈጥን ሞተር ወይም የሚያብረቀርቅ ጌጥ ይመኛሉ ብዬ ነበር፤ እነርሱ ግን ሌላ ነገር ነገሩኝ።

አንደኛው ፍሬን ነው። በቀድሞዎቹ ቮልሶች ላይ የፍሬን ዘይት ወደ አራቱም ጎማዎች የሚሄደው በአንድ መስመር ነበር። በአንድ ቦታ ላይ ቱቦው ቢቀደድና ዘይቱ ቢፈስ የአራቱም ጎማ ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ገደማ፣ መስመሩ ሁለት ተደረገ፤ አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ያቆማል።

ሁለተኛው መብራት ነው። የቀድሞዎቹ ባትሪ 6 ቮልት ስለ ነበረ መብራቱ ደካማ ነው፤ ሞተሪኖውም በብርድ ጧት ሲያስነሣ ይደክማል። ይህም በዚያው ዘመን ወደ 12 ቮልት ተለወጠ።

ሦስተኛው የወንበር ቀበቶ ነው። ዛሬ በየመኪናው የምናየውን ትከሻንና ወገብን አንድ ላይ የሚይዘውን ቀበቶ የፈለሰፈው ኒልስ ቦሊን የተባለ የስዊድን መሐንዲስ ነው። የቮልቮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 በመኪናዎቹ ላይ አገባው፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ስለዚህ አያቴ መኪናቸውን በገዙ ጊዜ ዕውቀቱ በዓለም ላይ ነበረ ማለት ነው፤ ወደ ብዙዎቹ መኪናዎች ለመድረስ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ።

አራተኛው የእኛ የደጋ ሰዎች ብቻ የምናውቀው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ቤንዚንን የሚያቃጥለው በአየር ነው። እንግዲህ በጀርመን አገር 34 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስ ሞተር እዚህ ሲደርስ 27 ያህሉ ብቻ ይቀረዋል። ካርቡራቶሩም ለቆላ አየር የተስተካከለ በመሆኑ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይይዛል። የእኛ መካኒኮች ቤንዚን የምታሳልፈዋን ትንሽ የናስ ቀዳዳ በጠበበች እየለወጡ መድኃኒቱን ያገኙት በራሳቸው ሙከራ ነው። ከፋብሪካው ለደጋ አገር የምትሆን አንዲት ቀዳዳ በወረቀት ተጠቅልላ አብራ ብትመጣ ምን ያህል ቤንዚን በተረፈ ነበር!

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ባነብብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተ ልጅ» አሉኝ፤ «ይህ ሁሉ ጎደሎ ያለባት መኪና ስልሳ ዓመት አልፏት ዛሬም ትሄዳለች። ምንም የማይጎድላቸው የዛሬዎቹ ስልሳ ዓመት ይሄዱ ይመስልሃል? ነገር ስትጨምርበት የሚበላሽም ትጨምርበታለህ።»

የአጎቴ ቃል እውነት አለበት፤ ስለዚህ ደግሜ ወደ ባለቤቶቹ ሄድሁና «ምኗ እንዳይነካ ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። በዚህስ ሁሉም አንድ ቃል ሆኑ። ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ሁለት ሰዎች ክሪክና ጥቂት ኪያቤ ይዘው ያወርዱታል። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም፤ ውኃም አይፈልግም። ፓራፋንጎዋ ቢጨፈለቅ ለብቻው ተፈትቶ ይለወጣል። እንግዲህ ስልሳ ዓመት ያኖራት ጎደሎዋ አይደለም፤ ለባለቤቷና ለመካኒኩ ምሥጢር የሌላት መሆኗ ነው። የቤንዚን መለኪያም ሆነ ሁለተኛ የፍሬን መስመር ይህን ምሥጢር አልባነቷን አልወሰደባትም፤ ኋላ የተሠሩት ቮልሶችም በየጋራዡ እንደ ቀድሞዎቹ ይፈታሉ፣ ይገጠማሉ። ስለዚህ አጎቴ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መሻሻልና መበርታት ጠላቶች አይደሉም እላለሁ።

ይህ ነገር የአሮጌ መኪና ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ጓደኞቼ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በሰፈራችን የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። እነዚህ የሰውን መርሳት በብዙ መንገድ ይቅር ይላሉ፤ ቀበቶህን ብትረሳ ይጮኻሉ፤ ባትሪው ሲያልቅም አስቀድመው ይናገራሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከመካኒኮቹ አንዱ እንደ ነገረኝ፣ ከእነዚህ መኪናዎች አንዳንዶቹ ሲበላሹ ኮፈኑን ከፍቶ ከማየት በቀር ሊያደርግ የሚችለው ነገር የለም፤ ምክንያቱም የሚመረምርበት መሣሪያም፣ የሚያነብበው መጽሐፍም አልተሰጠውም። የዛሬ ስልሳ ዓመት የልጅ ልጆቻችን ስለ እነዚህ መኪናዎች «ከፋብሪካ ሲወጡ ምን ቢኖራቸው ኖሮ?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ «ሊጠግናቸው ለሚወድ ሰው ክፍት ቢሆኑ ኖሮ» የሚል እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለዚህ ሐሳቤን በአጭሩ ልናገር። ለሰው የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል፤ አንደኛ፣ የተጠቃሚውን መርሳትና ድካም ይቅር ማለት፤ ሁለተኛ፣ ሲበላሽ ለባለቤቱና ለሠራተኛው ክፍት መሆን። አንዱን ይዞ ሌላውን የጣለ ግማሽ ሥራ ነው። በመካከላችን ነገ መሐንዲስ፣ ነጋዴ ወይም ሹም የምትሆኑ አላችሁ። መኪና የምትሠሩት ብትሆኑ ከሥዕላችሁ ላይ ቀና ብላችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። መኪና የምታስመጡት ብትሆኑ ከመኪናው ጋር የጥገናውን መጽሐፍና ትምህርት አብራችሁ አስመጡ። አሮጌ መኪና ያላችሁ ወላጆቻችንም ውበቷ እንዳይጠፋ ስትሉ ቀበቶና ደኅና ፍሬን አትንፈጓት፤ ከጥንታዊነቷ ይልቅ የእናንተ መኖር ይበልጥብናል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ሌሊት በኋላ ቮልሷን ሳጸዳ በፊተኛው ኮፈን ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ፣ አንዲት ቀጭን የወይራ በትር አገኘሁ። በላይዋ በቢላዋ የተቀረጹ ምልክቶች አሉባት። ልጥላት ስል አባቴ አስቆሙኝና ነገሩኝ፤ አያቴ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሰርባቶዮውን ከፍተው ቤንዚኑን የሚለኩባት በትር ነበረች። ፋብሪካው መለኪያ ባያገባላቸው ራሳቸው ሠርተዋል። አሁን በየቅዳሜው የምለካው እኔ ነኝ፤ መክፈቻዋንም ሳላይ ከመኪናዋ አልወርድም።

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ