የመስታወት ገንዳው ተክል ወደ ሐይቁ እንዳይወርድ

በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን የሆቴል እንግዳ መቀበያ ጥግ ላይ ትናንሽ ዓሦች የሚዋኙበት የመስታወት ገንዳ ማየት እየተለመደ መጥቷል። በገንዳው ውስጥ ድንጋይ ተነጥፎ፣ በድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ተክል ለምልሞ ይታያል። የሆቴል ጌጥ ለግብርና ገጽ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ጉዳዩ ተክሉ ነው።

የእንግዳ መቀበያ ጥግ ጨለም ያለ ነው። ስለዚህ ለዚያ ቦታ የሚመረጡት ብዙ ብርሃን የማይጠይቁና በቀላሉ የማይሞቱ ተክሎች ናቸው። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ወንዞች የተገኘው አኑቢያስ አንዱ ነው፤ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣው ጃቫ ፈርን ሌላው ነው። ሁለቱንም እንደ ጎመን ችግኝ አፈር ውስጥ መቅበር ስህተት ነው፤ አግድም የሚያድገው ግንዳቸው ከተቀበረ ይበሰብሳል። በክር ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ማሰር ይበቃል። ክሪፕቶኮሪን የተባለው ደግሞ ቦታ ሲቀየርለት ቅጠሉን ሁሉ ሊያረግፍ ይችላል፤ ሞተ ብሎ መጣል አይገባም፣ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚበራ መጠነኛ አምፖል ለሁሉም ይበቃቸዋል። ብርሃን ሲበዛ የሚጠቀመው አልጌ ነው። ተክሎቹ ከዓሣው ኩስ የሚወጣውን አሞኒያና ናይትሬት እየመጠጡ ውኃውን ያጠራሉ። እስከዚህ ድረስ ሥራው መልካም ነው፤ ወጣቶች ቢሠማሩበትም እንደግፋለን።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያው ከጥንካሬያቸው ነው። በጨለማ ጥግ የማይሞት ተክል በደፈረሰ ሐይቅ ውስጥም ላይሞት ይችላል። ሃይድሪላ የተባለው የውኃ ውስጥ ተክል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለዓሣ ገንዳ ጌጥ ተብሎ ከሲሎን፣ ከዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ወደ አሜሪካዋ ፍሎሪዳ ተወሰደ። ከሙሉ የፀሐይ ብርሃን 1 በመቶው ብቻ ቢደርሰው ያድጋል፤ ከተቆረጠ ቁራጭም እንደገና ይበቅላል። ከገንዳ ወጥቶ ወንዞችንና ሐይቆችን ወረረ፤ ፍሎሪዳ እስካሁን እሱን ለመቆጣጠር ገንዘብ ታፈሳለች።

እኛ ይህን ለመረዳት ፍሎሪዳ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው አምሮ ለጌጥ ስለተወሰደ ነው። በአገራችን በ1950ዎቹ መጨረሻ በቆቃ ታየ፤ በጣና ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ። የደምቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ አርሶ አደር እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። እምቦጭ ግን ቢያንስ ተንሳፋፊ ነው፤ ይታያል፣ ይጨበጣል። ከውኃው በታች የሚያድገው አረም የሚታወቀው መረብ ሲይዝና የጀልባ ሞተር ሲያንቅ ነው። 7 ሺህ ሄክታር ገደማ በሚያለማው የቆጋ መስኖ ቦይ ውስጥ ቢገባስ? ቦይ መጥረግ ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ የመስኖ ተጠቃሚው ያውቃል።

ሁሉንም ተክል በአንድ ዓይን ማየት ደግሞ ተገቢ አይደለም። አኑቢያስ እድገቱ ቀርፋፋ ነው፤ ስጋት ልንለው አንችልም። መከልከልም መፍትሔ አይመስለንም፤ የተከለከለ ነገር ተደብቆ ይገባል። ሊለይ የሚገባው ፈጥኖ የሚራባው፣ ከቁራጭ የሚበቅለውና ስሙ የማይታወቀው ነው። ሻጩ ስሙንና የመጣበትን ቦታ መናገር ካልቻለ አለመግዛት ይሻላል።

የዓሣ ኩሬ ያላችሁ አርሶ አደሮች ከጣና ተክል ነቅላችሁ ስታመጡም ጥንቃቄ አድርጉ። ሴራቶፊለም የተባለው ሥር የሌለው ተክል በሐይቁ ውስጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን አብሮት የእምቦጭ ዘርና ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ ሊመጣ ይችላል። በተለየ ባልዲ አቆይቶ፣ ቅጠሉን እያገላበጡ አይቶ፣ ቀንድ አውጣውንና እንቁላሉን ለቅሞ መጨረስ ያስፈልጋል።

የተከረከመው ተክል ቦይ ወይም ወንዝ ውስጥ አይጣል። ፀሐይ ላይ አድርቆ ማቃጠል፣ አለበለዚያ ከውኃ ርቆ መቅበር ነው። የገንዳው ውኃ የሚደፋው ጓሮ ላይ ነው፤ ለጎመንና ለቃሪያ ደግሞ ማዳበሪያ ይሆናል።

ክረምት ሲገባ የከተማው ጎርፍ የሚወርደው ወደ ሐይቁ ነው። የወረዳና የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከዚያ በፊት ባለሙያ መድበው በየሆቴሉና በየሻጩ ገንዳ ውስጥ ያለው ተክል ምን እንደሆነ፣ ውኃውም የት እንደሚደፋ ይመዝግቡ። ሥራው ለአንድ ባለሙያ ከጥቂት ቀናት አይበልጥም።