ጆንያው ላይ ያለው 46 ምንድን ነው?

ፋርጣ ወይም ላይ ጋይንት የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ክረምት ሲገባ የዩሪያ ጆንያ ከዓይኑ አይጠፋም። ተሸክሞታል፣ ማሳ ላይ በትኖታል። ጆንያው ላይ 46 የሚል ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ጥፋቱ ኬሚስትሪን ከቤቱ የነጠለው የእኛ አስተማማር ነው።

ምክንያቱም ትምህርቱ አለ። «ፐርሰንት ኮምፖዚሽን» ይባላል፤ በአንድ ውህድ ውስጥ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በክብደት ከመቶ ስንት ድርሻ እንዳለው ማስላት ነው። ግን ለፈተና የሚሸመደድ የእንግሊዝኛ ቀመር ሆኖ ይቀራል።

ስሌቱ ይህን ያህል ነው። ዩሪያ አንድ ካርቦን (12)፣ አንድ ኦክስጅን (16)፣ ሁለት ናይትሮጅን (28) እና አራት ሃይድሮጅን (4) አለው። ድምሩ 60። ከ60ው 28ቱ ናይትሮጅን ነው፤ ከመቶ ሲሰላ 46.7። የጆንያው ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው። ባለ 50 ኪሎ ጆንያ የገዛ ገበሬ ያገኘው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ገደማ ነው ማለት ነው።

ኤንፒኤስ ላይ ደግሞ ወጥመድ አለ። 19፣ 38፣ 7 ይላል፦ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ሰልፈር። ግን 38ቱ ንጹሕ ፎስፈረስ አይደለም። የማዳበሪያ ንግድ ፎስፈረስን የሚቆጥረው ከኦክስጅን ጋር እንደተዋሃደ፣ በፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ መልክ ነው። በዚህ ውህድ ከ142ው ፎስፈረሱ 62 ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ 16.6 ኪሎ ገደማ ነው።

ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። በ2015 ዓ.ም የማዳበሪያ እጥረት የአማራ ክልልን ገበሬ ለተቃውሞ አደባባይ አስወጥቶት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ኤንፒኤስ ጠፍቶ ዩሪያ ብቻ ቢገኝ፣ «ሁሉም ማዳበሪያ ነው» ብሎ የሚበትን ቤተሰብ ናይትሮጅን እንጂ ቅንጣት ፎስፈረስ አላገኘም። ይህን ለአባቱ ማስረዳት የነበረበት ያ ተማሪ ነው።

«ላቦራቶሪ የለንም» ይባላል። እውነት ነው፣ ለብዙ ትምህርት ያስፈልጋል። ለዚህኛው ግን ባዶ ጆንያ፣ እስክሪብቶና የአቶም ክብደት ሰንጠረዥ ይበቃል። «ተማሪው ሰነፍ ነው» ይባላል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከመቶ 97 ሲወድቅ ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ራሱ ስንፍና ነው። «በጦርነት መሃል ስለ ኬሚስትሪ?» የሚልም አይጠፋም። በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ዓመታት አጥተዋል። የተረፈችው ክፍለ ጊዜ ለሽምደዳ የምትባክንበት ምክንያት የለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መምህራን፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጆንያውን ይዛችሁ ግቡ፤ ቀመሩ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ማብራሪያው ግን በአማርኛ። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ዩሪያንና ኤንፒኤስን የመልመጃ ጥያቄ ያድርጋቸው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪም የግብርናም ምሁራን አሉት፤ ተቀምጠው የአንድ ገጽ መልመጃ ቢያዘጋጁ በየወረዳው ይባዛል።

ገበሬው በእህሉና በብድር ለከፈለበት ጆንያ ውስጡ ያለውን የማወቅ መብት አለው። ልጁን ያስተማረውም ለዚህ ጭምር ነው።