ልጅሽ አስተርጓሚሽ አይደለም



ፌርፋክስ እንጀራና በርበሬ ልንገዛ ወጥተን ቡና ላይ ስንቀመጥ አንድ ወሬ አያልቅብንም፤ «የአሜሪካ ሐኪም ርኅራኄ የለውም»። ዓይኑ ኮምፒዩተሩ ላይ ነው፣ ገና ሳንጨርስ ይወጣል፣ ስማችንን እንኳ አስተካክሎ አይጠራም። ይህስ እውነት ነው። «አገራችን እኮ እንዲህ አይደለም» ስትሉ ግን አልስማማም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ሞልቶ የተረፈን ነገር ማን በዕቅድ ይይዘዋል? ምጥ ላይ ሆና የተጮኸባት ታውቀዋለች።

እንግዲህ እዚህ ስላለው እንነጋገር። እዚህ ርኅራኄ የሚገባው በቋንቋ በኩል ነው። ሐኪሟ የቱንም ያህል ደግ ብትሆን፣ ያልገባትን ሕመም ልታዝንለት አትችልም። እኛ ታዲያ ምን እናደርጋለን? ልጃችንን ይዘን እንሄዳለን።

አንዲት እህትን አጅቤ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ደም እየፈሰሳት ነው። የሚያስተረጉምላት የአሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጇ ነው። «የወር አበባሽ መቼ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ልጁ አንገቱን ደፋ፣ እናቱም ግማሹን ዋጠችው። ነርሷ «ጎበዝ ልጅ» ብላ አመሰገነችው። ሱብሓነላህ! ስለ ሐያእ ስንት የምንናገር ሰዎች የእናትን ገመና በልጇ አፍ እናስወራለን? ነገ ውጤቱ ካንሰር ቢሆን ቃሉን የሚነግራት እሱ ነው?

ሕጉም ይህን አይፈቅድም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ክፍል 1557፣ ለማስፈጸሚያው ከወጣው ደንብ ጋር፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግ ክልክል ነው። (ኦሮምኛ ወይም ስልጥኛ የሚቀናት እናት አማርኛ እንድትቀበል አትገደድ፤ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አንድ ቋንቋ ያለው የሚመስላቸው አሉ።) ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 ሠፈራችንን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይመው ደስ ብሎናል፤ ሆስፒታል ስንገባ ግን አፍ እንደሌለን ነን።

«ሰው አታስቸግሪ፣ ሶብር አድርጊ» የሚሉኝ አሉ። ባሎች ይሉታል፣ እናቶቻችንም ይሉታል። እህቴ፣ ሶብር አላህ ለፈተነሽ ሕመም ነው፤ ሰው የነፈገሽን ሐቅ አለመጠየቅን ማን ሶብር አለው? በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ በቆሰለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቁስለኛ በምታክመው በሩፈይዳ ድንኳን፣ እዚያው መስጊዱ ውስጥ እንዲያርፍ አደረጉ፤ በቅርብ ሊጠይቁት ፈልገው ነው። ሲመሽም ሲነጋም እንዴት እንደሆነ ይጠይቁት ነበር፣ እሱም ይመልስላቸው ነበር። አንቺ ግን ስትጠየቂ የምትመልሺው በልጅሽ በኩል ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። ብዙ እህቶች አስተርጓሚ የማይጠይቁት አፍረው ብቻ አይደለም፤ አማርኛ የሚችለው ሰው ያውቀኛል ብለው ነው። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ፌርፋክስ ይደርሳል። ይህን ፍርሃት ያመጣነው እኛው ነን፣ ሌላ ማንም አይደለም። በነርስነትና በነርስ ረዳትነት የምትሠሩ እህቶቼ፣ የታማሚ ነገር አማና ነው። «እገሊትን ሆስፒታል አየኋት» ማለት ራሱ ምስጢር ማውጣት ነው፤ በሽታውን ባትጠሪ እንኳ። የማውቃት ነርስ ከሥራ ስትወጣ ለባሏም ትንፍሽ አትልም፤ እሷ ክፍል የተኙ ሴቶች ጥያቄ ሳይደብቁ ይጠይቃሉ።

ፍርሃቱ ካለብሽ የስልክ አስተርጓሚ ጠይቂ። ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነው የሚያስተረጉመው፣ ፊትሽን አያይም። ሴት ትሁንልኝ ማለትም ትችያለሽ፤ ካለች ይሰጡሻል። በቪዲዮ ከሆነ ስትመረመሪ ስክሪኑ ወደ ግድግዳው ይዙርልሽ። ቀጠሮ ስትይዢ በስልክ፣ ስትደርሺም መቀበያው ላይ «አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር፣ ፕሊስ» በያቸው። ልጁን ትምህርት ቤት ላኪው።