«ዮጋ ሐራም ነው ወይ?» ከማለታችን በፊት «አራሷን ማን ያርሳታል?» እንበል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ዓመት አንዲት እህት በባለቤቴ በኩል ጥያቄ ላከችልኝ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ወገቧን ያማታል፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ጓደኛዋ በቴሌግራም የነፍሰ ጡር ዮጋ ቪዲዮ ልካላታለች። «ብሠራው ችግር አለው ወይ?» ነው ጥያቄው። እኔም በመግሪብና በዒሻ መካከል ስልኬን አውጥቼ በአንድ መስመር መለስኩ፦ «ዮጋ የሂንዱዎች ዒባዳ ነው፤ ተይው።» ግዴታዬን የተወጣሁ መስሎኝ ወደ ኪታቤ ተመለስኩ።

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ «ለምን እንደጠየቀች ጠይቀሃታል?» አለችኝ። አልጠየቅኩም። እሷ ግን ጠይቃ ኖሯል። የልጅቷ እናት ገጠር ናቸው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የጅቡቲን መስመር ከያዘ አሥር አሥራ አምስት ቀን አይመለስም። እሷ በኪራይ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዛ ውሃ በጀሪካን ታመላልሳለች። ወገቧን ምን እንዳሳመማት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። እኔ ከቪዲዮው ከለከልኳት እንጂ ጀሪካኑን የሚሸከምላት ሰው አልፈለግኩላትም።

ይህን የምጽፈው ለራሴም ነው። በየገጹ «ዮጋ ሐራም ነው፣ አይደለም» እያልን በኮሜንት ስንጨቃጨቅ በየኪራይ ቤቱ ብቻዋን የምታምጥ፣ ብቻዋን የምታርስ እህት አለች።

*ስለ ዮጋው መጀመሪያ እንነጋገር*

ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የጠየቀችን እህት ማሸማቀቅ አይገባም። ዮጋ መነሻው ህንድ ነው። ቃሉ በሳንስክሪት «ማጣመር፣ ማገናኘት» ከሚል ሥር የመጣ ሲሆን በሀገሩ ከእምነት ጋር የተያያዘ የቆየ ታሪክ አለው። ዛሬ በየከተማው የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰውነት ማፍታታትና አተነፋፈስ ብቻ ነው። ስለዚህ ዑለማዎች ጉዳዩን ከፋፍለው አይተውታል።

የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 እንቅስቃሴውን፣ የሚነበነበውን ቃልና እምነቱን አንድ ላይ የያዘውን ዮጋ ለሙስሊም አይፈቀድም አለ። የኢንዶኔዥያ ዑለማ ምክር ቤት በ2009 የሂንዱ ሥርዓትና የማንትራ ንባብ ያለበትን ከለከለ፤ ለስፖርት ብቻ የሚሠራውን ግን አልከለከለም። ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በ2017 ዮጋን እንደ ስፖርት ዘርፍ መዝግባለች።

እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ የኢማማችን ረዳት ነኝ። ከዚህ የምረዳው ግን ግልጽ ነው፦ ማንትራውን፣ ለፀሐይ ሰላምታ ተብሎ የሚሠራውን፣ «ከዩኒቨርስ ጋር አንድ መሆን» የሚለውን እምነት እንተዋለን። ተውሒዳችን ላይ ድርድር የለም። ወገብን ማፍታታት፣ ቀስ ብሎ በእግር መሄድ፣ በጥልቀት መተንፈስ ግን የየትኛውም ሃይማኖት ንብረት አይደለም። ስሙ ልብሽን ካስጨነቀው «የነፍሰ ጡር እንቅስቃሴ» በይው፤ ወገብሽ ስሙን አይጠይቅም።

አንዳንድ ወንድሞች «ሶላት እያለልን ስፖርት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ሶላት ዒባዳ ነው፤ የምንሰግደው ለአላህ ብለን እንጂ ለወገባችን ብለን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና እክል የሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ፈጣን የእግር ጉዞም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። እህቴ፣ ከመጀመርሽ በፊት ክትትል የምታደርግልሽን አዋላጅ ነርስ አማክሪ። ሴቶች ብቻ ባሉበት፣ ሐያእሽ በሚጠበቅበት ቦታ አድርጊው። እርግዝናው ሲገፋ ለረጅም ጊዜ በጀርባ መተኛት አይመከርም። ደም ካየሽ፣ ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ራስሽን ካዞረሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ ወይም ሆድሽ በየጊዜው ቁርጥ ቁርጥ ካለሽ ወዲያውኑ አቁመሽ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ።

የዮጋው ጉዳይ ይኸው ነው። አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ እንምጣ።

*የአያቶቻችን አራስ ቤት የት ገባ?*

እኔ ያደግኩት ወሎ ገጠር ነው። አንዲት ሴት ስትወልድ ቤቱ የሷ ብቻ አይሆንም። እናቷ ይመጣሉ። ጎረቤት ቅቤ ይዛ ትገባለች፤ አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ ሌላዋ አጥሚት ታፈላለች። ውሃውን የሚቀዳ፣ እንጨቱን የሚፈልጥ አይጠፋም። አራሷ ሥራዋ ልጇን ማጥባትና ማገገም ብቻ ነበር። ቤቱ በዱዓ ይሞላል።

ከተማ ስንገባ ሁላችንም ሻንጣ ይዘን መጣን፤ አራስ ቤቱን ግን እዚያው ትተነው መጣን። ዛሬ የምናደርገው ምንድን ነው? በሰባተኛው ቀን ዓቂቃ ደግሰን እንበላለን፤ ፎቶ ለጥፈን «ማብሩክ» እንባባላለን፤ በስምንተኛው ቀን አራሷ የበላንበትን ሳህን ታጥባለች።

ሱብሓነላህ! ኒፋስ ላይ ያለች ሴት ሶላት አትሰግድም። በኋላም ቀዷ የለባትም። ጾሙን ወደፊት ቀዷ ታወጣለች እንጂ ያኔ አትጾምም። አላህ የራሱን ሐቅ አንስቶላታል፤ እኛ ግን ወጡን፣ ልብስ አጠባውንና እንግዳ መቀበሉን አላነሳንላትም።

*ዲናችን ወላዷን እንዴት ያያታል?*

መርየምን (ዐ.ሰ) አስታውሱ። ቁርኣን በስሟ በተሰየመችው ሱራ ምጧን ይነግረናል። ሰው አልነበራትም። ምጡ ወደ ቴምር ግንድ አስጠጋት፤ ከጭንቀቷ የተነሳ ምነው ቀድሜ በሞትኩ እስከማለት ደረሰች። አላህ ምን አደረገላት? መጀመሪያ «አትዘኚ» ተባለች። ከሥሯ ውሃ ተሰጣት፣ ግንዱን ስትወዘውዝ ትኩስ ቴምር ረገፈላት፣ ብዪ ጠጪም ተባለች። የምታጽናና ቃል፣ ውሃ፣ ምግብ። ዛሬም ወላድ የምትፈልገው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ሊያስረዝሙ ጀምረው የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ ያሳጥሩት ነበር፤ የእናትየውን ጭንቀት ስለሚያውቁ። እኛ ግን ሕፃኗ ያለቀሰችባትን እናት ዞር ብለን እንገላምጣለን። በወሊድ ምክንያት የሞተች ሴት ከሸሂዶች እንደምትቆጠርም አስተምረዋል። ሸሂድ የሚያስብል መከራ ከሆነ እንደ ቀላል ነገር ልናየው እንዴት እንችላለን?

በታሪክ ኪታቦች ስለ ዑመር (ረ.ዐ) የሚወሳም አለ። ኸሊፋ ሳሉ ሌሊት መዲናን ሲቃኙ አንድ ድንኳን ያያሉ። ደጁ ላይ አንድ የገጠር ሰው ተቀምጧል፤ ከውስጥ የምጥ ድምፅ ይሰማል። «ከሷ ጋር ሰው አለ?» ሲሉት «ማንም የለም» አለ። ዑመር ወደ ቤታቸው ተመለሱና ለባለቤታቸው ለኡሙ ኩልሡም፣ ለዐሊይ ልጅ፣ አላህ ያመጣላትን አጅር ትፈልግ እንደሆን ጠየቋት። እሷ ለወሊድ የሚያስፈልገውን ያዘች፤ እሳቸው ዱቄቱንና ስቡን ራሳቸው ተሸከሙ። እሷ ገብታ አዋለደች። የሙስሊሞች መሪ ደግሞ ከባልየው ጋር ደጅ ተቀምጠው እሳት አንድደው ምግብ አበሰሉ። ሰውዬው ከማን ጋር እንደተቀመጠ ያወቀው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው።

ወንድሜ፣ ዑመርን የምንወዳቸው በፍትሐቸውና በጀግንነታቸው ነው። ያን ሌሊት ግን ጀግንነታቸው ድስት ማማሰል ነበር። እኔና አንተ ከሳቸው እንበልጣለን?

*የጥንቱን ሁሉ እንመልስ እያልኩ አይደለም*

አያቶቻችን አብሮነት ነበራቸው፤ ሕክምና ግን አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሀገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች አንጻር 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ይሞቱ ነበር። በጤና ተቋም የሚወልዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2019 ይህ ቁጥር ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ያኔም ግማሽ ያህሉ ገና ቤት ነበር የሚወልደው።

ስለዚህ ገንፎው ይመለስ፤ ሆድ ማሸቱ ግን ይቅር። ጎረቤት ይሰብሰብ፤ ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥ ግን ይቅር። እንገሩን መጣል ይቅር፤ ለሕፃኑ ከሁሉ የሚጠቅመው የመጀመሪያ ወተት እሱ ነው። ምጥ ሲመጣ ወደ ጤና ተቋም፤ ከዚያ ሲመለሱ ወደ አራስ ቤት። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሌላም አለ። ከወለደች በኋላ የምታለቅስ፣ ልጇን ማቀፍ የከበዳት፣ እንቅልፍ ያጣች እህት ስናይ ቶሎ ብለን «ጂን ነው፣ ሲሕር ነው» እንላለን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስ በብዙ ሴቶች ላይ ይታያል፤ ያልፋል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ሕክምና ያለው የመንፈስ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት ካወራች ደግሞ አንድ ቀን አይጠበቅም። ሩቅያ ቁርኣን ነው፤ ሐኪምም ሰበብ ነው። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። «ኢማንሽ ደካማ ነው» ማለት ግን ሩቅያም ሕክምናም አይደለም፤ በደል ነው።

*ምን እናድርግ?*

በየሰፈሩ መስጂድ አለን፤ ጀመዓ አለን። ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም፦

1. የሴቶች ጀመዓ በሰፈሩ ያሉ ነፍሰ ጡሮችን ይወቅ። በተለይ ቤተሰብ የራቃትን፣ ባሏ ውጭ ሀገር ወይም መንገድ ላይ ያለችውን፣ አዲስ የሰለመችውን።

2. ለአርባ ቀን ተራ ይውጣ። ሃያ ቤት ቢሳተፍ ለአንድ ቤት የሚደርሰው ሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን ምሳ መላክ ማንንም አያደኸይም።

3. ምጥ ሌሊት ቢመጣ የሚጠራ ባጃጅ ወይም መኪና፣ ደም ቢያስፈልግ የሚለግስ ወጣት አስቀድሞ ይታወቅ። ጉልበት አለን የምትሉ ወጣቶች፣ ይህ የናንተ ነው።

4. በወር አንድ ቀን የመድረሳችን ክፍል ለነፍሰ ጡሮች ይከፈት። ሴት አዋላጅ ነርስ ትጋበዝ፤ ስለ ምጥ፣ ስለ ማጥባትና ስለ አደገኛ ምልክቶች ታስተምር፤ ወገብ ማፍታታቱንና አተነፋፈሱንም በሐያእ አብረው ይሥሩ። እህቶቻችን ቪዲዮ ፍለጋ የሚሄዱት እኛ ቦታ ስላላዘጋጀንላቸው ነው።

5. ባሎች ይማሩ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ አባት ሚስቱ ስትወልድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሦስት ቀን ፈቃድ አለው። ወንድሜ፣ እነዚያን ሦስት ቀናት ለእንኳን ደስ አለህ አትጨርሳቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን ያግዙ ነበር።

6. ዓቂቃ ሱንና ነው፤ አቅም ያለው ያድርግ። ተበድሮ መደገስና አራሷን በእንግዳ ማድከም ግን ሱንና አይደለም። ከሥጋው መጀመሪያ ለወላዷ መረቅ ይሠራላት።

*ያቺ እህት*

በማግስቱ ለባለቤቴ «ይቅርታ ጠይቂልኝ» አልኳት። እሷ ግን ይቅርታውን ብቻ ይዛ አልሄደችም፤ ሦስት ጎረቤቶችን አስተባበረች። ከደረሶቻችን ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑን ሞልተው ደጇ ላይ ያስቀምጡ ጀመር። አዋላጅ ነርሷ ደግሞ ለወገቧ የሚሆን ቀላል እንቅስቃሴ አሳየቻት። በጤና ጣቢያ በሰላም ወለደች፤ አልሐምዱሊላህ። ባሏ የደረሰው በአምስተኛው ቀን ነው፤ ቤቱ ግን ባዶ አልነበረም።

በኋላ ባለቤቴ «ከሁሉ የጠቀመሽ የቱ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «ውሃው» አለች።

እኔ ኪታብ ገልጬ ስለ ዮጋ ብዙ ልነግራት እችል ነበር። የሚያስፈልጋት ግን ሃያ ሊትር ውሃ የሚሸከምላት ሰው ነበር። ከእንግዲህ ስለ ነፍሰ ጡር ጥያቄ ሲመጣልኝ ከሐራምና ሐላሉ ጋር አንድ ነገር ልጨምር ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፦ «እህቴ፣ ከአንቺ ጋር ሰው አለ?»

እናንተም ዛሬ ከመተኛታችሁ በፊት በግቢያችሁ ወይም በፎቃችሁ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ እንዳለች ጠይቁ። ካለች ነገ በሯን አንኳኩ።

አላህ ነፍሰ ጡሮቻችንን በሰላም ይገላግልልን፤ ያረሱትን አፊያ ያድርግልን፤ ልጅ የናፈቁትን ሷሊሕ ልጅ ይስጥልን፤ በወሊድ ያለፉትን እናቶቻችንንና እህቶቻችንን በጀነት ይካስልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።