ሳልመረምር ፈረድኩ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ክትባት አይደለም፤ ስለ ኮምፒውተር ነው። እግረ መንገዴንም ጥፋቴን እናዘዛለሁ።

ከእኔ ጋር ወላይታ ሶዶ የሚኖረው የልጅ ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፉ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ እጁ እንዲለምድ ብዬ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁለት። ሲንቀራፈፍበት ጊዜ ደግሞ ከጡረታዬ ቆጥቤ ፈጣን የተባለ ተጨማሪ ራም ገዛን፤ እሱው ገጠመው።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ይሆናል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳል፤ የጻፈው ሁሉ ይጠፋል። «አያቴ፣ እኔ ምንም አላደረግኩትም» አለኝ። አላመንኩትም። «ጌም ስትጭንበት ነው!» ብዬ ኪቦርዱን ቆለፍኩበት። ሁለት ሳምንት ተኳርፈን ከረምን።

በመጨረሻ ኮምፒውተር የሚጠግን የሰፈራችን ወጣት መጣ። «እማማ፣ ራሙ ተፈትሿል?» ሲለኝ አፈርኩ። ስንት ዓመት በነርስነት ስሠራ ትኩሳት ሳልለካ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም።

ራም ምን እንደሆነ በእኛ ሙያ ልንገራችሁ። ሃርድ ዲስክ የመድኃኒት ቁም ሳጥን ቢሆን፣ ራም ለሥራ የምናቀርባት ትሪ ናት። ትሪዋ ሰፋ ስትል ሥራው ይቀላጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ ግን በላይዋ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ትሪዋ ከተሰነጠቀች ደግሞ የቱ ዕቃ መቼ እንደሚወድቅ አይታወቅም። የራም ብልሽት የልጅ ጥፋት የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ጠጋኙ ሜምቴስት 86 የሚባል መፈተሻ በፍላሽ ይዞ ነበር። ዊንዶውስ ውስጥም የራሱ የሜሞሪ መፈተሻ አለ። ሁለቱን ራሞች አውጥቶ አንድ በአንድ ፈተሻቸው። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ እንደ አዲስ ይጀመራል። አሮጌው ንጹሕ ሆነ፤ አዲሱ ላይ ቀይ መስመር ተደረደረ። «አንድ ስህተት እንኳ ቢገኝ ጤነኛ አይባልም» አለን።

ቢሆንም ወዲያው አልጣለውም። ፈጣን ራም የተጻፈበትን ፍጥነት የሚያገኘው ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው ሲበራ ነው። ያ ፍጥነት ለአንዳንድ ማሽን እንደበዛ መድኃኒት ይሆንበታል። ስለዚህ ኤክስኤምፒን አጥፍቶ እንደገና ፈተሸው። ቀዩ መስመር አልጠፋም፤ ራሙ ራሱ ብልሹ ነበር።

ደረሰኙን አወጣሁ፤ «በ10 ቀን ውስጥ ብቻ ይቀየራል» ይላል። እኔ ሳኮርፍ ቀኑ አልፏል።

ሌላ ራም ገዛን። በዚህኛው ጊዜ ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት መረጥን፤ ፍጥነታቸው የተለያየ ራሞች አብረው ሲገቡ የሚሠሩት በዝግተኛው ፍጥነት ነውና። ጠጋኙ ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫነው፤ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። ሹራቡን አውልቆ የሳጥኑን ብረት ነካ፤ በሰውነታችን ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ ራም ሊያበላሽ ይችላል። ወርቃማ ጥርሶቹን ሳይነካ ጠርዙን ይዞ፣ ቀዳዳውን ከማስገቢያው ጋር አስማምቶ ቀጭ እስኪል ተጫነው። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 አይተካኩም፤ አልገባ ካለ በጉልበት አይገፋም። ከዚያ እንደገና ሌሊቱን ሙሉ ተፈተሸ፤ ንጹሕ ወጣ።

የልጅ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኩት። «አያቴ፣ ማሽኑን አመንሽው፤ እኔን ግን አላመንሽኝም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ኪቦርዱን አውጥቼ ሰጠሁት።

እናንተም ራም ስትገዙ የመቀየሪያውን ቀን ጠይቁ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ፤ በገዛችሁበት ቀን አስፈትሹ። ልጁ «እኔ አይደለሁም» ካላችሁ ደግሞ ከቁጣው በፊት ፍተሻው ይቅደም።

ሳምንት ሰው ይበለን።